የጎደለውን የመጠየቅ ልማድ፦ የአስተሳሰብ ንድፎች በጅቡቲ ከተማ የዕለት ኑሮ

ሰው ውሳኔ ሲወስን ዓለምን በሙሉ በአእምሮው ይዞ አይደለም፤ ካየው፣ ከሰማውና ከደረሰበት ጥቂቱን መርጦ፣ የቀረውን ትቶ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል ለራሱ ይስልና ፍርዱን የሚሰጠው በዚያ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህን ውስጣዊ ሥዕል የሥነ ልቦና ሊቃውንት የአእምሮ ሞዴል ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ደግሞ የአስተሳሰብ ንድፍ ተብሎ ይጠራል። አስመጪው ኮንቴይነሩ በስንት ቀን ከወደብ እንደሚወጣ ሲገምት፣ የቤት እመቤት የወሩን ወጪ ስታሰላ፣ ወጣቱ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ለመፈለግ ሲያስብ፣ ሁሉም ሳያውቁት ንድፍ ይጠቀማሉ። የአንዱን ፍርድ ከሌላው የተሻለ የሚያደርገው በብዛት የተፈጥሮ ብልህነት ሳይሆን የሚያስብበትን ንድፍ ለይቶ ማወቁና ንድፉ ምን እንደተወ መጠየቁ ነው።

ሐሳቡን በዘመናዊ ሳይንስ ቋንቋ በግልጽ ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ የስኮትላንዱ ተወላጅ ኬኔት ክሬክ ሲሆን፣ በካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የሰው አእምሮ የውጭውን ዓለም አነስተኛ አምሳያ በውስጡ እንደሚሠራና ድርጊቱን ከመፈጸሙ በፊት ውጤቱን በዚያ አምሳያ ላይ እንደሚሞክር አስረድቷል። ክሬክ በ1945 ገና በ31 ዓመቱ በአደጋ ቢሞትም ሐሳቡ አልሞተም፤ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ጆንሰን ሌርድ በ1983 ሰዎች ከአንድ ነገር ተነሥተው ወደ ሌላ ድምዳሜ የሚደርሱት በእንዲህ ያሉ ሞዴሎች አማካይነት መሆኑን በሰፊው አብራርቷል።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ምሳሌያዊ አነጋገሮች የትውልድን ልምድ በአንድ መስመር አጥፈው የያዙ ንድፎች ናቸውና። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው አባባል ምልክትን ከመንሥኤ መለየትን ያስተምራል። ሆኖም አባባሎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩም ይታያል፤ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ዝምታን የሚያስመርጥ ማኅበረሰብ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ መናገርንም ያበረታታል። ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ናቸው፤ ስለዚህ ንድፍ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ንድፍ ለየትኛው ጉዳይ እንደሚስማማና ምን እንደሚያስቀር ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለመማር ጅቡቲ ከተማ አመቺ ስፍራ ናት። በ1888 ፈረንሳዮች የመሠረቷት ይህች ከተማ ኑሮዋ በወደብ፣ በባቡር፣ በከባድ መኪናና ከሩቅ በሚመጣ ውኃ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በሌላ ቦታ ተሰውረው የሚሠሩ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለቶች በእርሷ ዘንድ በግልጽ ይታያሉ። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ 90 በመቶ ያህሉ በዚህ ስለሚያልፍም፣ በጅቡቲ የሚሆነው ነገር አዲስ አበባ ባለ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሆኖ ይታያል።

ማነቆውን መለየት

የመጀመሪያው ንድፍ ማነቆ ነው። ብዙ ደረጃዎች ያሉት ሥራ የሚፈጥነው ወይም የሚዘገየው በደረጃዎቹ ሁሉ አማካይ ፍጥነት ሳይሆን ከሁሉ በሚዘገየው በአንዱ ደረጃ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ደረጃ ማፍጠን ወጪ ከመጨመር በቀር መጨረሻ ላይ የሚገኘውን ውጤት አያሳድገውም። እስራኤላዊው የፊዚክስ ምሁር ኤልያሁ ጎልድራት በ1984 በልብ ወለድ መልክ ባሳተመው የፋብሪካ አስተዳደር መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በዓለም ዙሪያ አስተዋውቆታል።

በ2015 እና በ2016 በኤል ኒኞ የተባባሰው ድርቅ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለምግብ እርዳታ በዳረገበት ወቅት የሆነው ነገር ለዚህ ንድፍ ጉልህ ማስረጃ ነው። ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ለእርሻ ወቅት የተገዛውን ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ወቅት ጅቡቲ ደርሰው ለማራገፍ ረጅም ወረፋ ያዙ። ችግሩን በስንዴ እጥረት ሥዕል ብቻ የተመለከተ ሰው መፍትሔው ተጨማሪ ስንዴ መግዛት ይመስለው ነበር፤ ነገር ግን የተገዛው ስንዴ ባሕር ላይ ቆሞ ስለነበር፣ ተጨማሪ መርከብ መላክ ወረፋውን ከማስረዘም ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። በዚያን ጊዜ የጎደለው የመርከብ ማራገፊያ ቦታ፣ እህሉን በጆንያ የመሙላት አቅምና እህሉን የሚያነሣ ከባድ መኪና ነበር።

ማነቆ ሲከፈት ግን አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ደረጃ ይዛወራል። በግንቦት 2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ፤ በጥር 2018 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በመኪና ቀናት የሚወስደው ጉዞ በባቡር ከአንድ ቀን በታች ሊያልቅ መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ባቡሩ የደረሰበት ጣቢያ ላይ ዕቃውን የሚያራግፍ መሣሪያ፣ ወደ መጋዘን የሚወስድ መኪና፣ ወይም በጊዜ የተጠናቀቀ የጉምሩክ ሰነድ ከሌለ፣ በመንገድ ላይ የተቆጠበው ሰዓት በጣቢያው ይባክናል። ልምድ ያለው ትራንዚተር፣ ማለትም ዕቃ ከወደብ የሚያስወጣ ወኪል፣ ይህን ያውቃል፤ መርከቡ በሰዓቱ ደርሶ፣ ሹፌሩ ተዘጋጅቶ ሳለ በአንዲት የሰነድ ስሕተት ዕቃው ሲቆምና ዲመሬጅ፣ ማለትም ዕቃው ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ በመቆየቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ በየቀኑ ሲቆጠር ደጋግሞ አይቷልና። ስለዚህ ጥበብ ያለበት ጥያቄ «ሥራውን እንዴት ላፋጥን?» የሚለው ሳይሆን «አሁን ሌላውን ሁሉ የሚያስጠብቀው የትኛው ነው?» የሚለው ነው፤ ይህም ጥያቄ ለወደብ ባለሥልጣን እንደሚጠቅም ሁሉ ለተማሪ፣ ለልብስ ሰፊና ለቤተሰብ አስተዳዳሪም ይጠቅማል።

ያልተመለሱትን መቁጠር

ሁለተኛው ንድፍ የተራፊዎች አድልዎ ሲባል፣ ትርጉሙም አንድን መንገድ አልፈው የተረፉትን ብቻ አይቶ ስለ መንገዱ በሙሉ የመፍረድ ስሕተት ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሂሳብ ሊቅ አብርሃም ዋልድ በ1943 ከዘመቻ በተመለሱ አውሮፕላኖች ላይ ከታየው የጥይት ጉዳት ተነሥቶ ያልተመለሱት የት ተመትተው እንደወደቁ የሚገመትበትን ስሌት አዘጋጅቶ ነበር። የሥራው ፍሬ ሐሳብ፣ በተመለሱት አውሮፕላኖች ላይ ጉዳት በብዛት የሚታይበት ክፍል ተመትቶም ሊያስመልስ የሚችል ክፍል ሲሆን፣ ጥበቃ የሚያሻው ግን በተመለሱት ላይ ጉዳት የማይታይበት ክፍል ነው የሚል ነው፤ እዚያ የተመቱት አልተመለሱምና።

ለጅቡቲና ለኢትዮጵያ ከፍልሰት የሚቀርብና የሚያም ምሳሌ የለም ማለት ይቻላል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የምሥራቁ መስመር ብሎ በሚጠራው መንገድ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረሓውን በእግር አቋርጠው፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ወዳለችው ወደ ኦቦክ ደርሰው፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ብሎም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። በጥር 2019 መጨረሻ ኦቦክ አቅራቢያ በጎዶሪያ ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ቢያንስ 50 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላም በዚያው ባሕር ተመሳሳይ አደጋዎች ተደጋግመው ደርሰዋል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ወጣቶች ለምን ይሄዳሉ ለሚለው ጥያቄ ድህነት፣ ሥራ ማጣትና ግጭት የመልሱ ትልቁ ክፍል ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሚደርሳቸው ወሬ የተመረጠ መሆኑም የራሱ ድርሻ አለው። ሪያድ የደረሰው ወጣት ስልክ ይደውላል፣ ፎቶ ይልካል፣ ገንዘብ ያስተላልፋል፣ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል፤ በረሓ ላይ በውኃ ጥም የሞተው፣ ባሕር የወሰደውና በደላሎች እጅ ታግቶ የቀረው ግን አይደውልም። በመንደሩ የሚነገረው ታሪክ ውሸት ሳይኖርበት እንኳ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚናገሩት ሁሉ እውነት ይናገራሉ፤ መናገር የማይችሉት ግን በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ልጁ ሊሄድ የተነሣበት ወላጅ «ማን ተሳካለት?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ከእኛ አካባቢ በአንድ ዓመት የወጡት ስንት ናቸው? ከእነርሱ ድምፃቸው የተሰማው ስንቱ ነው?» ብሎ ቢቆጥር፣ በእጁ የሚገኘው ሥዕል ፈጽሞ ይለወጣል። ንድፉ ሂዱ ወይም አትሂዱ አይልም፤ ሕይወትን የሚያክል ነገር በጎደለ ቁጥር እንዳይወሰን ብቻ ያስገድዳል።

በንግድም እንዲሁ ነው። በአንድ ሥራ የበለጸጉ ነጋዴዎች በየገበያው ይታያሉ፤ በዚያው ሥራ ከስረው ሱቃቸውን የዘጉት ግን ስለማይታዩ፣ አዲስ ጀማሪው ሥራው ከሚያዋጣው በላይ የሚያዋጣ ይመስለዋል።

አማካዩ የሚሸፍነው

ሦስተኛው ንድፍ አማካይ ቁጥር የሚሸፍነውን መፈለግ ነው። በጅቡቲ ከተማ የሚዘንበው ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው በከተማዋ ስለ ጎርፍ መጨነቅ አያስፈልግም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ የአምቡሊ ወንዝ መውረጃም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሆኖም በሚያዝያ 2004 በድንገት የሞላው የአምቡሊ ጎርፍ በርካታ ሰዎችን ገድሎ ብዙ ቤቶችን ጠርጎ ወስዷል፤ በኅዳር 2019 ደግሞ ከአንድ ዓመት አማካይ የሚበልጥ ዝናብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወርዶ ትምህርት ቤቶችንና መኖሪያ ሰፈሮችን አጥለቅልቋል።

አማካይ ብዙ ደረቅ ዓመቶችንና አንድ አስከፊ ዓመትን ደባልቆ አንድ ለስላሳ ቁጥር ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ስለ አደጋ የሚያስብ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማንሣት ይገባዋል፤ የመጀመሪያው ነገሩ ስንት ጊዜ ይደርሳል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በደረሰ ጊዜ የሚያመጣው ጉዳት ሊመለስ የሚችል ነው ወይ የሚለው ነው። በየወሩ የሚደርስ ትንሽ ኪሳራ ይቻላል፤ በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ ሕይወትንና ቤትን ግን በአንድ ሌሊት የሚወስድ አደጋ ብርቅ ነው ተብሎ አይናቅም። ምሽቱን የሚያሽከረክር የከባድ መኪና ሹፌርም እንቅልፍ እየተጫነው ብዙ ጊዜ በሰላም መድረሱ ለሚቀጥለው ጉዞ ዋስትና አይሆነውም።

የውጤት ውጤት

አራተኛው ንድፍ ከመጀመሪያው ውጤት ቀጥሎ የሚመጣውን ውጤት ማየት ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ዕቃ በግመል ከመጫን ይልቅ በፍጥነትና በብዛት ይጓጓዛል። ነገር ግን ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራሮች ማውጣት ከባድና ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ከተራራው በታች በሜዳው አለፈ፤ በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ስፍራም ድሬዳዋ የተባለች አዲስ ከተማ ሆነ። ለዘመናት የምሥራቅ ኢትዮጵያ የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ከዋናው መስመር ውጭ ቀረች፤ የሐረር ንግድ ጥንታዊ የባሕር በር የነበረችው ዘይላም ጭነቷ ወደ ጅቡቲ ስለዞረ ተዳከመች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ከተሞችን እንዳገናኘ ሁሉ አንዳንዶቹን ከፍ፣ አንዳንዶቹን ዝቅ አድርጓል።

ሐዲዱ ሲቀየስ ፈጣን መጓጓዣን ብቻ ያየ ሰው አልተሳሳተም፤ አንድ ደረጃ ቀደም ብሎ ማሰቡን አቆመ እንጂ። «ከዚያስ ምን ይከተላል?» የሚለውን ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም የዚህ ንድፍ ሙሉ ዘዴ ነው። ዛሬም ጭነት ከመኪና ወደ ባቡር በተዛወረ መጠን ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት በጋላፊ መንገድ ምግብ የሚሸጡ ሴቶች፣ ጎማ የሚጠግኑ ወጣቶችና አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ገቢያቸው ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ሊያስቡ ይገባል፤ ለውጡ ለአገር የሚበጅ ቢሆንም እንኳ በእነርሱ ቤት የሚያመጣው ነገር ሌላ ነውና።

መጠባበቂያ፣ የተተወ አማራጭና የውጭ እይታ

በግንቦት 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀሟን አቁማ ንግዷን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ማዞር ነበረባት። በሰላም ዘመን ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ብክነት ይመስላል፤ ዋጋው የሚታወቀው የመጀመሪያው መንገድ በተዘጋ ቀን ነው። ጥገኝነቱም በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ታገኛለች። መሐንዲሶች ድልድይ ሲሠሩ ይጫናል ተብሎ ከሚጠበቀው ክብደት በላይ እንዲሸከም የሚያደርጉት ስሌታቸው ሊሳሳት እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው፤ ይህም የደኅንነት ህዳግ ይባላል። ኑሮው በአንድ ቀጣሪ ወይም ከውጭ በሚላክ የአንድ ሰው ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ቤተሰብም የጥቂት ወራት ቀለብና ሌላ የገቢ ምንጭ ማሰቡ ፍርሃት ሳይሆን ስሌት ነው።

የተተወው አማራጭ ዋጋ የሚባለው ንድፍ ደግሞ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ የተከፈለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዚያ ገንዘብና ጊዜ ሊደረግ የሚችለው የተሻለ ሌላ ነገር መሆኑን ያመለክታል። ከኢትዮጵያ ደጋ በየቀኑ የሚመጣው ጫት ከቀትር በኋላ ያለውን የከተማዋን ኑሮ በእጅጉ ይገዛል። አንድ ሰው በቀን 1,000 የጅቡቲ ፍራንክ ለጫት ቢያወጣ በዓመት 365,000 ፍራንክ ይሆናል፤ ከ1973 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተተምኖ የቆየ በመሆኑ ይህ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። በዚህ ላይ የየቀኑ የከሰዓት ጊዜ ይታከላል። የዕለቱ ዋጋ ትንሽ ስለሚመስል የማይጠየቀው ጥያቄ፣ በዓመቱ ሲደመር ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ንግድ መነሻ ገንዘብ የሚጠየቅ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

የውጭ እይታ የሚባለውን ንድፍ የገለጹት ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ ናቸው። ሁለቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እንዳስረዱት፣ ሰዎች አንድ ሥራ መቼ እንደሚያልቅ ሲገምቱ የራሳቸውን ዕቅድ ብቻ ስለሚያዩ ከሚገባው በላይ ተስፈኛ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ተመሳሳይ ሥራዎች ከዚህ በፊት በእርግጥ ስንት ጊዜ እንደወሰዱ መጠየቅ ነው። ለደንበኛው ቀን የሚቆርጥ አስመጪ ከዕቅዱ ይልቅ ያለፉት አሥር ኮንቴይነሮቹ የቆዩበትን ጊዜ ቢመለከት የሚሰጠው ቃል እምነት የሚጣልበት ይሆናል።

ንድፎች እንዴት ይለመዳሉ?

አሜሪካዊው ባለሀብት ቻርሊ መንገር በ1994 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ ሰው በአንድ ሙያ ንድፍ ብቻ ቢታጠር ነገሩን ሁሉ ከዚያ ንድፍ ጋር እንዲስማማ እንደሚያጣምም አስጠንቅቆ፣ ከየሙያው ዋና ዋናዎቹን መርጦ ማያያዝን መክሯል። ይህ ምክር ስሞችን በብዛት መሸምደድ ማለት አይደለም፤ መቶ ንድፍ በስም ከማወቅ አምስቱን በየዕለቱ መጠቀም ይበልጣልና።

የሚበጀው መንገድ ቀላል ነው። ሰው አንድ ንድፍ መርጦ ለአንድ ወር ያህል በሚገጥመው ጉዳይ ሁሉ ይሞክረዋል፤ ውሳኔ ከማሳለፉ በፊት ምን እንደሚጠብቅና ለምን እንደዚያ እንዳሰበ በደብተር በአጭሩ ይጽፋል፤ ውጤቱ ሲታወቅ ከጻፈው ጋር ያስተያየዋል። መጻፉ አስፈላጊ የሚሆነው የሰው ትዝታ ነገሩ ካለፈ በኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» ለማለት ስለሚቸኩል ነው። ከዚህም ጋር ጉዳዩን በሌላ ሥዕል ከሚያይ ሰው ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ ሹፌሩ የሚያየውን የቢሮ ሠራተኛው አያይም፣ ነጋዴዋ የምታውቀውን የወደብ መሐንዲሱ አያውቅም፤ የአንዱ ንድፍ የተወውን የሌላው ይሞላዋል።

የትኛውም ንድፍ ግን ዓለምን ተክቶ አይቆምም። በትውልድ ፖላንዳዊ የሆነው አልፍሬድ ኮርዚብስኪ በ1931 ካርታ ምድሩን ራሱን እንደማይሆን ያሳሰበው ለዚህ ነው። ማነቆን ብቻ የሚፈልግ ሰው በሠራተኛው ላይ ያለውን ድካም ሊዘነጋ ይችላል፤ አደጋን ብቻ የሚቆጥርም ምንም ሳይጀምር ሊያረጅ ይችላል። ንድፍ ሰውን በክርክር ለመርታት ሲውል ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል፤ ዓላማው የራስን ስሕተት ቀድሞ ማግኘት ነውና።

ስለዚህ መምህራን፣ ወላጆችና የማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ለወጣቶች ሊያስተምሩት የሚገባ አንድ ልማድ ቢኖር፣ ከማንኛውም ከባድ ውሳኔ በፊት «በያዝኩት ሥዕል ውስጥ የጎደለው ማን ነው? የጎደለውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ነው። ይህን ለመጠየቅ ገንዘብም ሆነ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አለመጠየቁ ግን አስመጪውን ገንዘብ፣ በአምቡሊ ዳር የሠፈረውን ቤተሰብ ቤት፣ ወደ ኦቦክ የሚያቀናውን ወጣት ደግሞ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።